ረዳቱ የማን ሠራተኛ ነው?

(በአዳማ ከተማ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! አካም ቡልተን! በዚህ ሙቀት በባጃጅም፣ በዊልቸርም፣ በሰው ትከሻ ተደግፋችሁም የመጣችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አብራችሁ የመጣችሁ ረዳቶችም እንኳን ደህና መጣችሁ፤ የዛሬው ጉዳይ የእናንተም ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚያችን በስተቀኜ ስለሚቆሙ ከፊታቸው ያለውን ቦታ ክፍት አድርጉልን። አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ጠዋት ከአልጋ የሚያነሳችሁ፣ የሚያጥባችሁ፣ የሚያለብሳችሁ ሰው የማን ሠራተኛ ነው? ደመወዙን የሚከፍለው ወንድማችሁ ሊሆን ይችላል። ውጭ አገር ያለች ልጃችሁ ልትሆን ትችላለች። ከፋዩን አይደለም የምጠይቀው። ዛሬ በስንት ሰዓት እንደምትነሱ፣ ምን እንደምትለብሱ፣ ገላችሁን መጀመሪያ ማን እንደሚነካው የሚወስነው ማነው? እናንተ ካልሆናችሁ ረዳት አላችሁ ማለት አይቻልም። ጠባቂ ነው ያላችሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ፣ በሕዝብ ገንዘብ የግል ረዳት የሚቀጠርበት አሠራር በአሜሪካ እንዴት እንደሚሄድ። ቀጥሎ እዚህ አዳማ በእጃችን ያለውን። ሦስተኛውና ጊዜ የምወስድበት፣ ረዳት እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንደሚሠለጥንና እንደሚተዳደር ነው።

አንደኛ። ለምን አሜሪካ? ብዙዎቻችሁ እዚያ ዘመድ አላችሁ፤ ወላጆቻቸውን የወሰዱ፣ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩም ብዙ ናቸው። አሠራሩ ደግሞ ተጽፎ የተቀመጠ ስለሆነ ልንማርበት እንችላለን። የመጣውም ከአካል ጉዳተኞች ከራሳቸው ነው። ኤድ ሮበርትስ በፖሊዮ ምክንያት በመተንፈሻ መሣሪያ የሚኖር ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 እሱና ጓደኞቹ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል አቋቋሙ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። ተቋም ውስጥ አታስገቡን፣ ረዳቱን እኛ እንቅጠር።

ዛሬ በካሊፎርኒያ አይ.ኤች.ኤስ.ኤስ. የሚባል የቤት ውስጥ ድጋፍ ፕሮግራም አለ፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው ሜዲኬይድ ከሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ከተዘጋጀው የመንግሥት የጤና ሽፋን ነው። አመልካቹ በሚኖርበት ካውንቲ፣ ማለትም በክፍለ ግዛቱ ሥር ባለው የአካባቢ አስተዳደር፣ ያመለክታል። የሕክምና ባለሙያ የሚሞላው አንድ ቅጽ አለ፤ በ45 ቀን ውስጥ ተሞልቶ ካልገባ ማመልከቻው ይወድቃል። ብዙ ሰው እዚችው ላይ ይቀራል፤ ሐኪሙ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ይረሳዋል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ገብቷል ብሎ ይተኛል። ከዚያ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ ለእያንዳንዱ ሥራ ሰዓት ትመድባለች። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዘዋወር፣ ሽንት ቤት ማገዝ ሁሉም ለየብቻው ይለካል። ለአንዳንዱ ሥራ መነሻ አለ፤ የቤት ጽዳት በወር 6 ሰዓት፣ የምግብ ግዢ በሳምንት 1 ሰዓት። ተደምሮ በወር ከ283 ሰዓት አይበልጥም።

ሰዓቱ ከጸደቀ በኋላ ረዳቱን የሚመርጠው ተረጂው ነው። ዘመድም መሆን ይችላል፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ረዳቶች ዘመድ ናቸው። ይህ ግን ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። በካሊፎርኒያ የትዳር ጓደኛ ለተወሰኑ ሥራዎች ሊከፈለው ይችላል፤ በኒውዮርኩ ተመሳሳይ ፕሮግራም የትዳር ጓደኛ ረዳት ሆኖ መቀጠር አይችልም። ረዳቱ አሻራ ይሰጣል፣ ገለጻ ይከታተላል፣ ውል ይፈርማል። በወር ሁለት ጊዜ የሠራበትን ሰዓት ይሞላል፣ ተረጂው ያጸድቃል፣ መንግሥት ይከፍላል። መንግሥት ደመወዙን ይከፍላል እንጂ ጠዋት መጥቶ አያዝም። የሚቀጥረው፣ የሚያሠራው፣ የሚያሰናብተው ተረጂው ነው።

እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁ ሁለት ነገር እንዲጠነቀቁ ንገሯቸው። ተረጂው ሆስፒታል በተኛባቸው ቀናት የረዳት ሰዓት አይሞላም፤ ከተሞላ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ጥርጣሬም ያስከትላል። ሰዓት ከተቀነሰ ደግሞ ዝም አይባልም፤ ይግባኝ ለመጠየቅ 90 ቀን አለ። ቅነሳው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ይግባኝ ያለ ሰው ግን ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የድሮው ሰዓት ይቀጥልለታል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ስለሆነ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ መቆየት ብዙ ሰው ጎድቷል።

አሁን ደግሞ የእኛ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጎዳበትን ልንገራችሁ። ባለሙያዋ ቤት በምትመጣበት ዕለት ነው። እናታችን ቤቱን አስጸድተው፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ቡናው ቀርቦ ይጠብቃሉ። «ገላዎን እንዴት ይታጠባሉ?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ምን እላለሁ» ይላሉ። «ማታ ሲነሱ ወድቀው ያውቃሉ?» «ኧረ እሱ ይመስገን፣ እስካሁን ጠብቆኛል።» ባለሙያዋ ምን ትጽፋለች? «በራሳቸው ይችላሉ» ብላ ትጽፋለች! ልጅቷ ግን በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ ትነሳለች፤ እናቷን ደግፋ ነው ሽንት ቤት የምታደርሳቸው። ያ ሁሉ ድካም ወረቀቱ ላይ የለም።

ምስጋናውን ተዉ አላልኩም። ምስጋናው ለፈጣሪ ነው፣ መልሱ ለባለሙያዋ ነው። ባለሙያዋ ከመምጣቷ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ደብተር ያዙ። በስንት ሰዓት ምን ሥራ ተሠራ፣ ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ ማን ሠራው። ስትጠየቁ የደህናውን ቀን አትንገሩ፤ የከፋውን ቀን ንገሩ። «ልጄ ካላነሳችኝ አልነሳም። ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ወድቄያለሁ።» እንዲህ ነው የሚባለው።

ይህን ለአሜሪካ ዘመድ ብቻ ብዬ አይደለም የነገርኳችሁ። እዚህ ቀበሌያችን ስንጠየቅ የምንመልሰውም ይኸው ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እዚህ ምን አለን? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ለመርዳት አቅም በፈቀደ መጠን ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 19 ደግሞ የግል ረዳትን በስሙ ይጠራዋል፤ ሰው በማኅበረሰቡ መካከል እንዲኖር የሚያስፈልግ አገልግሎት ነው ይለዋል። ይህን አንቀጽ ቢሮ ስትሄዱ ጥቀሱት። ልመና አይደለም፣ አገሪቱ የፈረመችው ነው።

በተግባር ግን ለግል ረዳት ተብሎ የሚከፈል የመንግሥት ገንዘብ የለንም። ያለን የከተማ ሴፍቲኔት ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አዳማም ሐዋሳም ነበሩበት። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ይሠራል፤ መሥራት ለማይችሉ አካል ጉዳተኞች፣ አረጋውያንና የረጅም ጊዜ ሕሙማን ቀጥታ ድጋፍ አለ። ምልመላው የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። እዚያ ስትቀርቡ የሕክምና ማስረጃችሁን ያዙ፣ ደብተራችሁን ያዙ፣ «ተመስገን»ን ለቤት አስቀሩት። ከተዘለላችሁ ቅሬታ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂውን አስቀሩ።

ገንዘቡ የቤተሰብ መደጎሚያ ነው፤ የሙሉ ቀን ሠራተኛ አያስቀጥርም። እሱን ማጋነን አልፈልግም። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን የሙሉ ቀን ሠራተኛ የሚያስፈልገን? እስቲ አብረን እንደምር። ሽንት ቤት 40 ደቂቃ። መታጠብ 30። መልበስ 15። ከአልጋ ወደ ዊልቸር 10። ቁርስ 25። ሁለት ሰዓት ሆነ። ማታ አንድ ሰዓት ጨምሩ። በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 21 ሰዓት። በአንድ ሰፈር ያላችሁ ሁለት ሰዎች አንድ ረዳት ተጋርታችሁ መቅጠር ትችላላችሁ፤ አንዱ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ሌላው ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ከቀጥታ ድጋፉ ጥቂት፣ ከዘመድ ጥቂት ተዋጥቶ የሚቻል ነገር ይሆናል። ሰዓት ሳይደመር ግን «ሠራተኛ ፈልጉልኝ» ከተባለ፣ የሚመጣው ምግብ አብስላ፣ ልብስ አጥባ፣ ልጅ ጠብቃ፣ በተረፋት ጊዜ እናንተን የምታነሳ ሰው ነው። ረዳትና የቤት ሠራተኛ አንድ አይደሉም። አንዲቷን ልጅ በሁለቱም ሥራ ማድከም እሷንም እናንተንም ይጎዳል።

ሦስተኛው፣ ቅጥር። በር የሚያንኳኳው ደላላ ነው አይደል? ደላላ ሰው ያመጣል እንጂ ሰው አያውቅም። በእሱ በኩል ብትሄዱም ሦስት ነገር ራሳችሁ አድርጉ። የቀበሌ መታወቂያዋን ወይም ፋይዳዋን አይታችሁ ቅጂ ያዙ። ተያዥ ጠይቁ፣ ተያዡን በአካል አግኙት። ከዚህ በፊት የሠራችበት ቤት ደውሉ። ደግሞ አደራ የምላችሁ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ለዚህ ሥራ አትቅጠሩ። ከገጠር የመጣች የ15 ዓመት ልጅ 70 ኪሎ ሰው እንድታነሳ ማድረግ ወገቧን ለዕድሜ ልክ ማበላሸት ነው።

ስታነጋግሩ ደላላው ውጭ ይቀመጥ። ቤተሰብም ቢሆን ዝም ይበል። ይህን ለእናንተ ለቤተሰቦች ነው የምናገረው። ልጃችሁ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ እናንተ ከበላዩ «እሱ እኮ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው» ስትሉ፣ አዲሷ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ማንን መስማት እንዳለባት ተማረች። ከዚያ በኋላ እሱ ቢያዝ ማን ይሰማዋል? ንግግር የሚያስቸግረው ሰው ቢሆን እንኳ ጊዜ ስጡት። ይጨርስ።

«ትችያለሽ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሥራ የፈለገ ሰው ሁሉ እችላለሁ ይላል። «አሳዪኝ» በሉ። ባዶውን ዊልቸር አስጠግታ ፍሬን ትይዛለች? የእግር ማሳረፊያውን ታነሳለች? ከባዱንም ጉዳይ በግልጽ ቋንቋ ንገሯት። ሽንት ቤት ማገዝ አለ፤ ዳይፐር መቀየር፣ ካቴተር ማለትም የሽንት ቱቦ መያዝ አለ። አፍራችሁ ካልነገራችኋት፣ በሦስተኛው ቀን ጥላችሁ ትሄዳለች፤ ጥፋቱም የእሷ አይሆንም። ገላ የሚነካ ሥራ ላይ ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ ብትፈልጉ መብታችሁ ነው። ከዚያ አንድ ቀን የሙከራ ሥራ አሠሯት፤ ለዚያች ቀን ደግሞ ክፈሉ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ለምን? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ የማስታመምንም ውል በአንቀጽ 3 ከወሰኑ ያወጣዋል። ስለዚህ ስትጣሉ የሚዳኛችሁ በአብዛኛው የጻፋችሁት ውል ነው። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። የሥራውን ዝርዝር፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ ደመወዙን፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ የዕረፍት ቀኗን፣ ብትታመም የሚሆነውን፣ ከመለያየት በፊት ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር ጻፉ። አዋጁ ባያስገድዳችሁም ለመለኪያ ይሆናል፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን። ከዚህ የባሰ ውል አታስፈርሙ። ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ አድርጉት፤ ተከፈለ አልተከፈለ የሚል ጭቅጭቅ አይኖርም። የሚስጥር ቁጥራችሁን ግን ለማንም አትስጡ። ገበያ ስትልኳት የገበያ ገንዘብ ለብቻው በአንድ ቦርሳ፣ ደረሰኙና መልሱ ማታ ደብተር ላይ። ይህ እሷንም ከሐሜት ያድናታል።

አንድ ነገር ደግሞ ውሉ ላይ ጨምሩ፤ ፎቶና ቪዲዮ ያለፈቃድ አይነሳም። ገላው ሲታጠብ ቲክቶክ ላይ የወጣ ሰው ክብሩን ማን ይመልስለታል?

ሥልጠናው። ረዳት አሠልጥኖ የሚልክላችሁ የለም፣ አሠልጣኞቹ እናንተ ናችሁ። ስለ ገላችሁ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስትዛወሩ ወንበሩ ከአልጋው ጋር በትንሹ ዘወር ብሎ፣ በብርቱው ጎናችሁ በኩል ይጠጋ። ሁለቱም ፍሬን ይያዝ፣ የእግር ማሳረፊያው ከመንገድ ይውጣ። ረዳቷ ጉልበቷን ትጠፍ፣ ወገቧን አታጉብጥ፣ ወገባችሁ ላይ በታሰረ ሰፊ ቀበቶ ትያዛችሁ። በብብት ወይም በክንድ መጎተት የለም! ትከሻ የሚወልቀው እንደዚያ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የምትሉትም እናንተ ናችሁ፤ እሷ አይደለችም።

የአልጋ ቁስል። እባካችሁ ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። አልጋ ላይ ያለ፣ ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል። ዊልቸር ላይ ያለ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ክብደቱን ያነሳል ወይም ጎን ለጎን ያዘነብላል። በቀን ሁለቴ፣ ጠዋት ሲለበስና ማታ ሲወለቅ፣ የመቀመጫ አጥንት፣ የጅራት አጥንት፣ ዳሌና ተረከዝ ይታያሉ። ወረቀት ላይ «ቀይ ሆኖ ከታየ» ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላት ሁልጊዜ አይታይም! ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ነገር ፈልጉ፤ በእጅ ጀርባ ዳስሱት፣ ከአካባቢው ይሞቃል? ይጠነክራል ወይስ ይልማል? እንደዚያ ከሆነ ቦታው ላይ አትቀመጡ፣ አትተኙበት፣ አትሹትም፤ ጤና ጣቢያ አሳዩት። ስሜት የሌለው ገላ አያምም፤ ስለዚህ «አላመመኝም» ማስረጃ አይደለም።

ካቴተር የምትጠቀሙ፣ ቱቦው አለመታጠፉን፣ ከረጢቱ ከፊኛችሁ በታች መሆኑንና አለመሙላቱን ረዳቷ ትይ፤ ከመንካቷ በፊትም በኋላም እጇን በሳሙና ትታጠብ። ጉዳታችሁ ከደረት መካከል በላይ የሆነ የአከርካሪ ተጎጂዎች ደግሞ ይህችን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፏት። «ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ከላይ ላብ፣ የፊት መቅላት ከመጣ፣ ቀና አድርገሽ አስቀምጪኝ፣ የጠበቀ ልብሴን ፍቺልኝ፣ ቱቦውን እዪ፤ ካልተወኝ ወዲያው ሆስፒታል ውሰጂኝ።» የደም ግፊት በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል። በአዳማ ሙቀት ደግሞ ከጉዳቱ በታች ማላብ ያቆመ ሰውነት ሙቀቱን አያወጣም፤ ከቀትር በፊት ጥላ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ውኃ። ለረዳቷ ምክንያቱን ንገሯት። ምክንያት ያላወቀ ሰው ሥራ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚዘለው ያንኑ ነው።

ስለ ማስተዳደር አጭር ልበል። ቁጣም ልመናም አያስተዳድርም። ያልተመቻችሁን ነገር በዕለቱ፣ ለብቻችሁ፣ ስለ ሥራው ብቻ ተናገሩ። «ዛሬ ሁለት ሰዓት ዘገየሽ፤ ቁስል እንዳይወጣብኝ እፈራለሁ፤ ነገ ምን እናድርግ?» ሁለተኛ ከተደገመ በጽሑፍ፣ ሦስተኛ ከሆነ በውሉ መሠረት መለያየት። «ትታኝ ብትሄድ ማን ያነሳኛል?» በሚል ፍርሃት መመታትን፣ መሰደብን፣ መዘረፍን የሚታገሥ ሰው በመካከላችን አለ፤ አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ነገር የሥራ ጉዳይ አይደለም፣ ለፖሊስና ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ወንጀል ነው።

ያንን ፍርሃት የሚቀንሰው ተጠባባቂ ነው። ለማንኛውም ጠዋት ሊጠሩ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ስም ይኑራችሁ፤ ጎረቤት፣ የአክስት ልጅ፣ ከሌላ ተረጂ ጋር የምትሠራ ረዳት። ሁለቱም ቢያንስ አንዴ መጥተው ማዘዋወሩን ይለማመዱ፤ ስልክ ብቻ መያዝ ተጠባባቂ አያደርግም። ረዳት ስትሰናበት ያልተከፈለ ቀን ካላት በዚያው ዕለት ክፈሉ፣ የመረካከቢያ ወረቀት ፈርሙ፣ ቁልፉን ተቀበሉ፣ ቁልፉ ተቀድቶ እንደሆነ ከጠረጠራችሁ ጋኑን ቀይሩ። ከተቻለ አዲሷ ሁለት ቀን ከቀድሞዋ ረዳት ጋር ትሥራ፤ ለሁለቱም ይከፈል።

የሳምንት የሥራ መመዝገቢያና የውል ናሙና በር ላይ ባለው ጠረጴዛ አለ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተዘጋጅቷል። ማየት ለተሳናችሁ በድምፅ የተቀዳውን በቴሌግራም እንልክላችኋለን። አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ። መጀመሪያ ረዳት የሚጠቀሙት ይጠይቁ፣ ቤተሰቦች ቀጥሎ። ከኋላ ዊልቸር ላይ ያለሽው እህቴ፣ እጅሽን ቀድመሽ አውጥተሻል፤ ማይኩ ወደ አንቺ እየመጣ ነው።